ገመድና ካስማ፦ በእጅ የምንማረው ጂኦሜትሪ

ጂኦሜትሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተሥሎ የሚጠፋ ነገር የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የፒታጎረስን ደንብ በቃሌ ስለማውቀው ጥሩ ነጥብ አገኝበት ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን አላውቅም ነበር። ያስተማረኝ ስሕተት ነው።

ቡራዩ ላይ ከአባላት በተዋጣ ገንዘብ አንድ የመማሪያ ቤት ለመሥራት ተነሣን። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ነበር። አራቱንም ጎን ለክተን ካስማ ተከልን፤ ግድግዳውንም አቆምን። ቆርቆሮው ሲለብስ ግን በአንዱ ጫፍ ተረፈ፣ በሌላው አጠረ። አንድ አዛውንት አናጢ መጥተው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ በሲባጎ ለኩ። አንዱ ሰያፍ ከሌላው በለጠ። «ልጆቼ፣ ቤታችሁ ተንጋዷል» አሉን። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል። እኛም አሥር ጊዜ ለክተን ነበር፤ የለካነው ግን ጎኑን ብቻ ነበር። ሁለት ግድግዳ ነቅለን እንደገና ጀመርን።

ምክንያቱን ለማየት የክብሪት ቀፎ ሽፋን ከጎኑ ተጫኑት። ጎኖቹ አይለወጡም፤ ማዕዘኖቹ ግን ይንጋደዳሉ። ሦስት ማዕዘን እንዲህ አይንጋደድም። ስለዚህ አናጢ የጣሪያውን እንጨት በሦስት ማዕዘን ያስራል።

እንግዲህ እናንተም ሞክሩት። 12 ሜትር ገመድ ወስዳችሁ በ3ኛውና በ7ኛው ሜትር ላይ ምልክት አድርጉና ጫፎቹን አገናኙ። ሦስት ሰዎች መገናኛውንና ሁለቱን ምልክቶች ይዘው ይወጥሩት። ባለ 3 እና ባለ 4 ሜትሩ ጎኖች በሚገናኙበት ላይ ትክክለኛ 90 ዲግሪ ይገኛል። 9 እና 16 ሲደመሩ 25 ይሆናሉ፤ 25 ደግሞ 5 በ5 ነው። የእኛም ቤት ሰያፍ 10 ሜትር መሆን ነበረበት!

ሱሉልታ ያላችሁ ወደ እንጦጦ ብትወጡ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን ታገኛላችሁ፤ ሕንፃዋ ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። 360 ዲግሪን ለስምንት ብትካፍሉ 45 ይደርሳል። በግቢያችሁ በካስማና በገመድ ክብ ሥሩ፤ በመሐሉ ሁለት መስመሮችን በ90 ዲግሪ አቋርጡ፤ እያንዳንዱን ማዕዘን ለሁለት ክፈሉ። መስመሮቹ ክቡን የሚነኩባቸውን ስምንት ነጥቦች ስታገናኙ ያው ቅርጽ ይወጣላችኋል።

በሰበታ የታወቀው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይገኛል። ማየት የተሳነው ሰው ቅርጽን በጣቱ ይለያል። የሰበታ ወጣቶች፣ ከካርቶን ልዩ ልዩ ቅርጽ ቆርጣችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ማዕዘኑን በጣታችሁ ቁጠሩ። እጅም እንደሚማር ያኔ ትረዳላችሁ።

ለውይይት፦
1. ወርዱ 9፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ቤት ሰያፉ ስንት ነው?
2. ክብ ጎጆ ለመሥራት አንድ ካስማና አንድ ገመድ የሚበቃው ለምንድን ነው?
3. በቃላችን አውቀነው በሥራ ያላዋልነው ሌላ ትምህርት የትኛው ነው?

መልሱን በደብተር ከመጻፋችሁ በፊት በመሬት ላይ ለኩት።