የጨረቃ መልኮችና ግርዶሽ

ግርዶሽ በሆነ ቁጥር በየሠፈሩ ብዙ ይወራል። አንዳንዱ የጦርነት ወይም የረኃብ ምልክት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ልጆቹ በባዶ ዓይናቸው ፀሐይን ሲያዩ ዝም ይላል። ፍርሃቱ ያልፋል፤ የተቃጠለ ዓይን ግን አይመለስም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ግርዶሽ እንዴትና መቼ እንደሚሆን እንመለከታለን።

የጨረቃ መልኮች

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የምናየው ከፀሐይ የተቀበለችውን ነው። ከአንዱ መባቻ እስከ ሌላው በአማካይ 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል። በመሬትና በፀሐይ መካከል ስትሆን የበራው ፊቷ ወደ ፀሐይ ስለሚዞር አናያትም፤ ይህ መባቻ ይባላል። ከ15 ቀን ያህል በኋላ በሌላው ወገን ስትሆን ሙሉ ሆና ትታያለች።

ሁለቱ ግርዶሾች

የፀሐይ ግርዶሽ የጨረቃ ጥላ በመሬት ላይ ሲያርፍ ነው፤ የሚሆነውም በመባቻ ብቻ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ የመሬት ጥላ በጨረቃ ላይ ሲያርፍ ነው፤ የሚሆነውም በሙሉ ጨረቃ ብቻ ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ጨረቃ ፀሐይን ለጥቂት ሴኮንድ ሙሉ በሙሉ ሸፈነቻት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ግን ጨረቃ ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይ ዙሪያዋ ተርፎ እንደ ቀለበት ታየች። ሁለቱም በመባቻ ነበሩ። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በኬንያና በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሆነው የጨረቃ ግርዶሽ ደግሞ በሙሉ ጨረቃ ነበር፤ ሙሉ ግርዶሹ 82 ደቂቃ ቆየ። በዚህ ጊዜ ጨረቃ የምትቀላው የመሬት አየር ቀዩን የፀሐይ ብርሃን አጥፎ ስለሚያደርስባት ነው።

ወንጌል በስቅለት ዕለት ምድር እንደ ጨለመች ይናገራል። የአይሁድ ፋሲካ የሚውለው ግን በሙሉ ጨረቃ ነው። ስለዚህ ያ ጨለማ የተለመደው የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን አይችልም። ይህን የጥንት ሊቃውንትም አስተውለውታል።

በየወሩ የማይሆነው ለምንድን ነው?

የጨረቃ መንገድ ከመሬት መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጥላው ከላይ ወይም ከታች ያልፋል። በጨለማ ክፍል ሻማ አብሩ፤ ድንች በእንጨት ሰክታችሁ በእጃችሁ ዘርግታችሁ በቦታችሁ ዙሩ። ራሳችሁ መሬት፣ ድንቹ ጨረቃ ነው። ድንቹ ሻማውን ሲጋርድ የፀሐይ ግርዶሽ፣ በራሳችሁ ጥላ ውስጥ ሲገባ የጨረቃ ግርዶሽ ሆነ። ድንቹን ከፍ አድርጋችሁ ብትዞሩ ግን ግርዶሽ የለም።

ለዓይናችሁ ተጠንቀቁ

የጨረቃን ግርዶሽ በዓይን ማየት ጉዳት የለውም። ፀሐይን ግን በባዶ ዓይን፣ በተራ የፀሐይ መነጽር፣ በራጅ ፊልም ወይም በውኃ ውስጥ አትመልከቱ። የዓይን ውስጠኛ ክፍል ሲቃጠል ሕመም አይሰማም። በካርቶን ላይ በመርፌ ትንሽ ቀዳዳ አብጁ፤ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ብርሃኑን በወረቀት ላይ አሳርፉ። የፀሐይን ቅርጽ እዚያ ታያላችሁ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከግብፅ እስከ ሶማሊያ በሚዘረጋ መስመር ላይ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ በከፊል ይታያል።

መልመጃ

1. የእስልምና ወር በገባ በ14ኛው ሌሊት የትኛው ግርዶሽ ሊሆን ይችላል? ለምን?
2. የጨረቃ ግርዶሽ በሆነ ማግስት የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን ይችላልን?