የመጀመሪያውን ቀስት ስለ መምረጥ

በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ቀስት ለመሞከር ከየካ የሚወጣ ተማሪ ዓይኑ የሚያርፈው በትልቁ ቀስት ላይ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ ክንዱን እንዲመለከት እመክራለሁ። ለአደን ጠንካራ ቀስት ግድ ነው፤ የአገራችን የደጋ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ይመዝናልና። ለጀማሪ ተማሪ ግን ከ7 እስከ 11 ኪሎ በሚያህል ኀይል የሚሳብ ቀስት ይበቃዋል። (ቀላል ቀስት መያዝ የሚያሳፍራቸው ጓደኞች አሉኝ!) የሚንቀጠቀጥ ክንድ ዒላማ አይመታም።

ከሁሉ የሚያሠጋው የፍላጻው ማጠር ነው። አውታሩ ሲሳብ ጫፉ ከማረፊያው ወደ ኋላ ከወጣ፥ ሲለቀቅ ቀስት የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ተስቦ ከቀስቱ ፊት ሦስት ጣት ያህል የሚተርፈውን እንምረጥ። ፍላጻ ሳይኖር አውታሩን ስቦ መልቀቅም ቀስቱን ሊሰብር ይችላል።