ልጓም ለሚጎትት ፈረስ፦ ከጅጅጋ ሜዳ እስከ ሽንሌ ቆላ

ፈረስ ልጓም ነክሶ እጅ ሲያደክም ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳል። የሚያዘውም ከበፊቱ የቀጠነ፣ ጥርስ የወጣለት ወይም የተጠማዘዘ ልጓም ነው። አዲሱ ብረት ለጥቂት ቀን ይሠራል። ከዚያ አፉ ይቆስላል፣ ቁስሉ ሲሽር ቆዳው ይደነድናል፣ ፈረሱም ከቀድሞው ይብሳል። ፈረስ ከሚያመው ነገር ሮጦ የሚያመልጥ እንስሳ ነው፤ ሕመሙ አፉ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የሚሸሸው ወደ ፊት ነው። ስለዚህ ጉልበተኛ ፈረስ ላይ ጉልበተኛ ልጓም ማሰር ብልሃት አይደለም። በካራማራ ተራራ ሥርም ሆነ በቢሾፍቱ ለሚሠራ ባለጋሪ ይህ እኩል ይሠራል።

ልጓም ከመግዛትዎ በፊት አፉን ይክፈቱ። ጠዋት፣ ፈረሱ ሳይሠራ፣ ደህና ብርሃን ባለበት ቦታ ይሁን። ከጎኑ ቆመው አውራ ጣትዎን በከንፈሩ ማዕዘን በኩል ያስገቡ። በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ባዶ ድድ አለ፤ ልጓም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ድዱ ከአጥንቱ ላይ እንደ ስስ ጨርቅ የተነጠፈ ስለሆነ ትንሽ ጫና ይሰማዋል። የከንፈሩ ማዕዘን ተሰንጥቋል? ምላሱ ላይ የብረት ምልክት አለ? ድዱን በጣትዎ ሲነኩት ራሱን ይነጥቃል? ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ፊት የበቀለች ትንሽ ጥርስ ካለች ልጓሙ በነካት ቁጥር ታሳምመዋለች። ድንጉላና ሰንጋ ከአራትና ከአምስት ዓመት ጀምሮ በዚያው ባዶ ድድ ላይ ክራንቻ ያወጣሉ። ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ያለ ፈረስ ደግሞ ጥርሱን እየቀየረ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሚጎትት ፈረስ ብዙ ጊዜ ድዱን እያመመው ነው።

ቁስል ካገኙ ልጓም የሚባል ነገር እስኪሽር ድረስ አይግባለት። ተፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ትንሽ ጨው በገባበት ውኃ ይጠቡለት፤ ጥርስ ማውጣትና ማስተካከል ግን የባለሙያ ሥራ ነው። በጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ይሰጣል፣ ይማሩበታልም፤ ከከተማው ውጭ ላለ ሰው ደግሞ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቅርብ ነው። ጥርሱን በጉጠት ልንቀል የሚል ሰው ካጋጠመዎት ፈረስዎን ይዘው ይሂዱ።

አፉ ጤነኛ ከሆነ ዓይንዎን ወደ ጋሪው ይመልሱ። ከሐረር የሚመጣው መንገድ ካራማራን አልፎ ወደ ጅጅጋ ሲወርድ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ጋሪው ፍሬን ከሌለው፣ ከፈረሱ ታፋ በኋላ ዞሮ ጋሪውን የሚይዝ ጠፍርም ካልታሰረ፣ ጭነቱ ፈረሱን ከኋላ ይገፋዋል። ነጂው ፈረሱ ‘ነጠቀኝ’ ይላል፤ ፈረሱ ግን ከሚገፋው ክብደት እየሸሸ ነው። ያንን ጭነት በልጓም ለማቆም መሞከር ኪሎዎቹን ሁሉ አፉ ላይ መጫን ነው። የኋላውን ጠፍር ያሰሩለት፤ ጭነቱን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያጋድል መንኮራኩሩ ላይ ያድርጉት፤ የደረቱ ቀበቶም ትንፋሹን እንዳይዘው ከጉሮሮው ዝቅ ይበል። መጎተቱ በዚህ ብቻ የሚቀንስ ፈረስ ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ልጓሙ። በአገራችን የቆየው የፈረሰኛ ልጓም፣ በደጋው ጉግስም ሆነ በሶማሌ ፈረሰኞች ዘንድ፣ ከምላስ በላይ ወደ ላንቃ የሚነሣ ብረትና የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት አለው። በ1892 ዓ.ም. ጅጅጋ የነበረውን የጦር ሰፈር ያጠቃው የሶማሌው መሪ የሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ጦር በፈረሰኞቹ የታወቀ ነበር፤ ዛሬም እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚወጡት፣ ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ የአገው ፈረሰኞች የዚሁ ባህል ወራሾች ናቸው። በአንድ እጅ ጦር፣ በሌላው ጋሻና ዛብ ለሚይዝ ሰው ፈረሱ በትንሽ ምልክት መቆም ነበረበት። የዚህ ልጓም ጥበብ ዛቡ ላልቶ መዋሉ ነው፤ የሠለጠነ ፈረሰኛ አንድ ጊዜ ያነሣና ወዲያው ይለቃል። ጋሪ ላይ ግን ዛቡ ከጧት እስከ ማታ የተወጠረ ነው። ላንቃ የሚወጋ ብረት ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ሲውል የሚያደርገውን አንድ የተላጠ አፍ ያየ ሰው አይረሳውም። ይህን ልጓም ለበዓል ያቆዩት፣ ያውም እጁ ለስላሳ ለሆነ ፈረሰኛ።

ከጎን ወደ ታች የሚወርድ ክንድና ከአገጭ ሥር የሚያልፍ ሰንሰለት ያለው ልጓምም እንደዚያው ጥንቃቄ ይሻል። ከአፉ በላይ ያለው ክንድ 5 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በእጅ የተሳበው 5 ኪሎ ፈረሱ አፍ ላይ ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል። ዋዛ አይደለም።

ለሚጎትት ፈረስ የመጀመሪያው ምርጫ እንግዲህ ክንድ የሌለው፣ በሁለት ጎኑ ቀለበት ያለው ተራ ልጓም ነው፤ አንድ ወጥ ብረት ወይም መሐሉ ላይ የሚታጠፍ። ምላሱ ወፍራም የሆነ ፈረስ ትንሽ ጎበጥ ያለ ወጥ ብረት ይስማማዋል። የሚታጠፈውን ካዘዙ መጋጠሚያው ቆዳ የማይቆነጥጥ መሆኑን ጣትዎን አስገብተው ይፈትሹ።

ስፋቱን ለመለካት ንጹሕ ገመድ ልጓሙ በሚያርፍበት ቦታ አፉ ውስጥ አሳልፈው የከንፈሮቹን ጫፍ በሁለቱም ወገን ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ላይ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ለቀጥቃጩ ወይም ለበያጁ የሚነግሩት ይህን ነው፦ ብረቱ ለስላሳ ክብ ይሁን፤ የግንባታ ፌሮ ጎድጓዳና ጎባጣ መስመሩ ድድ ይፍቃል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር አይዘዙ፤ ቀጭን ብረት ይቆርጣል። ለአገራችን ትንንሽ ፈረሶች 12 ወይም 14 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ የወፈረ ጠባብ አፍ አያዘጋም። የብየዳው ጉብታ በሞረድ ተነጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። በራስዎ ጉንጭ ላይ አሽተው የሚቆረቁርዎትን ለፈረሱ አይስጡት። ሻካራ ልጓም ብቻ ካለዎት ለጊዜው በካላማዳሪያ ቁራጭ አጥብቀው ይጠቅልሉት፤ ሲታኘክ ይቀይሩት።

ሲያስሩት ልጓሙ የከንፈሩን ማዕዘን ነክቶ አንድ ስስ ሽብሽብ ብቻ ያሳይ። ሁለትና ሦስት ሽብሽብ ካዩ ጠብቋል፤ ከንፈሩን ሳይነካ ከተንጠለጠለ ፈረሱ ምላሱን በላዩ ያወጣል፣ ልጓሙም ጥርሱን ይመታል።

አፉ ለቆሰለ ወይም ብረት በፍጹም ለማይወድ ፈረስ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቆዳ አለ። ከአፍንጫው ቀዳዳ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ጠንካራው አጥንት ላይ ይረፍ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ላላ ይኑረው።

አዲሱን ልጓም መኪና በሌለበት ሜዳ፣ ባዶ ጋሪ ይዘው ወይም በእግር ጉዞ ይሞክሩት። ፈረሱ ሲጎትት አይጎትቱት። ሳብ ያድርጉ፣ ርምጃውን ሲቀንስ በዚያው ቅጽበት ይልቀቁ፣ እንደገና ይሳቡ። በተከታታይ ሲጫን ምላሱ ይደነዝዛል፤ መልቀቁ ነው የሚያስተምረው። መቆምን በድምፅ አስቀድመው ያስለምዱት፤ ዕድሜውን ሁሉ ፈረስ ሲገራ የኖረ አዛውንት በሰፈርዎ ካለ ከእርሱ እጅ አንድ ቀን ይመልከቱ።

ልጓሙን ከሥራ በኋላ በውኃ ይጠቡና ያድርቁት፤ ዝገት የቦረቦረው ብረት እንደ አዲስ ካልተሞረደ ይጣል። በሽንሌና በኤረር ፀሐይ ላይ የዋለ ልጓም አፍ ያቃጥላል፤ በጅጅጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ጧት ደግሞ በረዶ ስለሚሆን በመዳፍዎ ያሙቁት። የጎረቤት ፈረስን ልጓምና ጠፍር አይዋሱ። በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ በቆዳ ሥር ቋጠሮና የሚያፈስ ቁስል የሚያመጣ በሽታ ነው፤ በቁስል በኩል ይገባል፣ በተዋዋሱት ዕቃም ይተላለፋል።

አፉ ታይቶ፣ ጋሪው ተስተካክሎ፣ ልጓሙ ተለክቶ፣ ሳምንታት ልምምድ ተደርጎም ፈረሱ አሁንም የሚነጥቅ ከሆነ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአይሱዙና ከባጃጅ መሐል አያሰማሩት። የእርሻ መንገድ ላይ፣ በትንሽ ጭነትና በአንድ በሚያውቀው ነጂ እጅ ይሥራ።