አንድ ወረዳ ለሰፈራ ተስማሚ መሆኑ በምን ይመዘናል?

ከመካከላችን ግብርና፣ ሕክምናና ምሕንድስና የምናጠና ብዙዎች ነን። አገር ቤት ስንገባ «ይህ ወረዳ ለሰፈራ ይሆናል ወይ?» ተብለን መጠየቃችን አይቀርም። ከጥናቱ ግርጌ የምናሰፍረው ፊርማ የብዙ ቤተሰቦችን ሕይወት ስለሚወስን፣ ጥያቄው ካሁኑ ሊጠና ይገባዋል።

መነሻችን ያለፈው ተሞክሮ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተመቱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተጓጓዘ። ብዙው በፈቃዱ አልሄደም። መሬቱ ለምና ባዶ ነው ተብሎ ነበር፤ ሀቁ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በመነሣት አምስት መመዘኛዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ጤና። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው የአገራችን ምድር የወባ ክልል ነው። በበለስ ሸለቆ የምትገኘው ፓዌ ከዚህ እጅግ ዝቅ ትላለች። የደጋ ገበሬ ወባን የለመደ ሰውነት ስለሌለው፣ ጤና ጣቢያና መድኃኒት ከሰፋሪው ቀድመው መድረስ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ የእርሻ ጉልበት። ገንዲ የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ባለበት በሬ አይበረክትም። በፓዌ እርሻው በትራክተር ተያዘ። በኢጣሊያ እርዳታ ይካሄድ የነበረው የጣና በለስ ፕሮጀክት በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ ጋር ሲቋረጥ ግን ብዙው ሰፋሪ የሚያርስበት ቸገረው።

ሦስተኛ፣ ውሃ። የሚለካው በክረምት ሳይሆን በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ብንይዝ፣ አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ 75፣ ለ500 ቤተሰብ 37,500 ሊትር ያስፈልጋል። ምንጩ ይህን ካልሰጠ አፈሩ የቱንም ያህል ቢለማ ወረዳው ያን ያህል ሰው አይችልም።

አራተኛ፣ የክፉ ቀን ስንቅ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብንል፣ ይኸው ቤተሰብ በዓመት 9 ኩንታል ይበላል፤ ዘርና ነቀዝ የሚያጠፋው ገና አልታከለም። እስከ መጀመሪያው መኸር የሚያደርስ ቀለብ፣ አንድ መኸር ቢከሽፍ የሚያሻግር ጎተራ፣ በዝናብ የማይዘጋ መንገድ መኖራቸው ይጣራ።

አምስተኛ፣ ባለ መሬቱ። የመተከል ጉሙዞች አንዱን መሬት አርሰው ለዓመታት ያሳርፉትና ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ለእንግዳ ዓይን ጠፍ የመሰለው ጫካ የሚያርፍ እርሻቸውና የሚያድኑበት ቦታ ነበር። ሳይጠየቁ ሲወሰድባቸው ቂም ተተከለ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ፈቃደኝነትን፣ ያልተያዘ መሬት መኖርን፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋር መመካከርንና ቅድመ ዝግጅትን መርሆዎቹ ማድረጉ ትምህርቱ ከንቱ እንዳልቀረ ያሳያል። ይሁን እንጂ መርሆ የሚፈተነው በየወረዳው መሬት ላይ ነው።

አምስቱ መመዘኛዎች እንደ ፈተና ነጥብ ተደምረው አይካፈሉም። አንዱ ከጎደለ የሌላው ብልጫ አያካክሰውም። ስለዚህ መልሱ «አይሆንም» ሲሆን፣ አለቃ ቢቆጣም «አይሆንም» ብለን መጻፍ ግዴታችን ነው።

ለውይይት፦ እያንዳንዳችን የምናውቀውን አንድ ወረዳ ወስደን በአምስቱ እንመዝነው። የትኛው ማስረጃ ይጎድለናል? ማንንስ በቅድሚያ እንጠይቅ?