የተባበሩት መንግሥታትን ቤት ስለ መጐብኘት

በአሜሪካ አገር፥ በኒውዮርክ ከተማ፥ ኢስት ሪቨር በሚባለው ወንዝ ዳር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። የድርጅቱ ቃል ኪዳን በ1937 ዓ.ም. በሰኔ ወር ተፈረመ። ከ51ዱ መሥራቾች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ዛሬ የአባሎቹ ቍጥር 193 ደርሷል።

ይህ ቤት ለመሪዎችና ለመልእክተኞች ብቻ የተከፈተ አይደለም። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፥ ተፈትሾ ይገባል። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ አስጐብኚዎችም እየመሩ የየአዳራሹን ሥራ ያስረዱታል።

በጠቅላላው ጉባኤ አዳራሽ ትልቁም ትንሹም መንግሥት አንድ አንድ ድምፅ አለው። ኖርዌይ ባሠራችው በጸጥታው ምክር ቤት አዳራሽ ግን ዐሥራ አምስት መንግሥታት ይቀመጣሉ፤ ከነዚህም ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እንኳ እንቢ ቢል ዋና ጉዳይ አይወሰንም። ጐብኚው የድርጅቱን ኀይልም ድካሙንም ከዚህ ይረዳል።

ስዊድን ባሠራችው በኤኮኖሚና በማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤት አዳራሽ ደግሞ፥ ሕዝብ ከሚቀመጥበት ስፍራ በላይ ያለው ጣራ ኰርኒስ የለውም፤ ቧንቧው ኹሉ ይታያል። የአዳራሹ ነዳፊ ስቬን ማርኬሊዩስ ይህን ያደረገው ዐውቆ ነው። አስጐብኚዎችም የድርጅቱ ሥራ ገና እንዳላለቀ ምልክት አድርገው ይተረጕሙታል።

ይህን ምልክት ኢትዮጵያዊ ከሌላው ይልቅ ያስተውለዋል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገሩን በወረረች ጊዜ ኢትዮጵያ የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጄኔቭ ቀርበው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ ማኅበሩ ግን ኢትዮጵያን አላዳነም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ካላበረ ግን አንበሳው ይበጣጥሰዋል።

ስለዚህ የቤቱ ጥቅም በሕንጻው ውበት ሳይኾን፥ በውስጡ የተገባው ቃል በመጠበቁ ነው። ደጁ ለሕዝብ መከፈቱም ቃሉን የሚጠይቅ ምስክር እንዲበዛ ይረዳል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፦
1. በጠቅላላው ጉባኤና በጸጥታው ምክር ቤት ድምፅ አሰጣጥ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
2. ያልተሸፈነው ጣራ ምን ያስተምራል?
3. በመንደራችሁ በኅብረት ተጀምሮ ያላለቀ ሥራ የትኛው ነው? እንዲፈጸምስ ምን ያስፈልጋል?