ፊልሙ ምን አስመኘን?



ዶርም ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን ፊልም ስንጨርስ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ምን ትምህርት አገኘንበት?» መልሱም ሁሌ ያው ነው። ትዕግሥት ጥሩ ነው፣ ስስት መጥፎ ነው፣ ወላጅ ይከበር። ይህን ለመስማት 2 ሰዓት መቀመጥ አያስፈልግም፤ የጁምዓ ኹጥባ በ20 ደቂቃ ይነግረናል፣ ያውም አሳምሮ። ፊልም ማየት ስለሚኖረው ብይን መናገር የኡስታዞቻችን ድርሻ ነው። እኔ የምጽፈው አስቀድመን ለምናየውና አይተንም ለምንከራከረው ነው። ለክርክራችን ሌላ ጥያቄ ላቅርብ፦ ፊልሙ ምን አስመኘኝ? ምኞቴስ ልክ ነበር?

ተመልካች አንድ ነገር እንዲሆን ወይም እንዳይሆን ካልተመኘ እስከ መጨረሻው አይቀመጥም። ፊልም ሠሪው የሚይዘን በዚህ ገመድ ነው። ስለዚህ ገመዱ ወዴት እንደሚጎትተን ማየት ይገባናል።

በመድረሳ ያለፍን ብዙዎቻችን ከምናውቀው እንጀምር። ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው «አር-ሪሳላ» ውስጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ሙሃጂሮቹ በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ቆመው የቁረይሽ መልእክተኞች «አሳልፈህ ስጠን» ሲሉ ሁላችንም የምንመኘው አንድ ነው፤ እንዳይሰጣቸው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በእጥፍ እንመኛለን። ይህ ምኞት ልክ ነው፤ ግን ቀላል ነው። ማን ተበዳይ፣ ማን በዳይ እንደሆነ ከመጀመሪያው ስለምናውቅ ምንም አያስከፍለንም።

የኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች» (1997) ትንሽ ከበድ ይላል። ዐሊ የእህቱን ጫማ ይጥላል። ወላጆቻቸው ስለሌላቸው ሁለቱ ልጆች ነገሩን ደብቀው በአንድ ጥንድ ሸራ ጫማ እየተፈራረቁ፣ እሷ ጠዋት እሱ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ የሩጫ ውድድር ይመጣል፤ የ3ኛው ሽልማት ጫማ ነው። ዐሊ 3ኛ ለመውጣት ይሮጣል፤ 1ኛ ይወጣል። አሸናፊ ሆኖ ፎቶ ሲነሣ እኛ እናዝናለን። ስንት የስፖርት ፊልም «አንደኛ ውጣ» እያስባለ አሳድጎን፣ ይህ «ቀስ በል፣ 3ኛ ይበቃሃል» ያሰኘናል። በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር ጫማ የተዋሰ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም።

ከአንድ ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ ያገኘኋቸው ሁለት የቼክና የስሎቫክ ፊልሞች ግን ሳምንት ሙሉ አልለቀቁኝም። ሁለቱም በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ያገኙ ናቸው። አንደኛው የያን ስቪየራክ «ኮልያ» (1996) ነው። ቼኮዝሎቫኪያ በሶቪየት ጥላ ሥር የነበረችበት የመጨረሻው ዘመን ነው። በፕራግ የሚኖር ሎውካ የሚባል ሴሎ ተጫዋች በዕዳ ተይዞ፣ ገንዘብ ተከፍሎት ከአንዲት ሩሲያዊት ጋር የወረቀት ጋብቻ ይፈጽማል። እሷ ወደ ምዕራብ ጀርመን ትሄድና የ5 ዓመት ልጇ ኮልያ በእጁ ይቀራል። የሰውዬውን ሴት አውልነት ፊልሙ በሳቅ ያልፈዋል፤ እኔን አላሳቀኝም። ልጁና ሰውዬው እየተላመዱ ሲመጡ ግን «ምነው እናቱ ባትመለስ» ብዬ ተመኘሁ። እናቱ ተመልሳ ልጇን ስትወስድ ነው የምን ምኞት እንደያዝኩ የገባኝ። ፍቅር ያየን መስሎን የሰው ልጅ ለሌላ ሰው ስንመኝ ነበር።

ሁለተኛው፣ ያን ካዳርና ኤልማር ክሎስ የሠሩት «ሱቁ በዋናው መንገድ» (1965) ነው፤ ቋንቋው ስሎቫክኛ ነው። (መጨረሻውን ስለምናገር ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ጊዜው 1942፣ ስሎቫኪያ ከናዚ ጀርመን ጋር ያበረችበት ነው። ቶኖ የሚባል ድሃ አናጺ፣ ባለሥልጣን በሆነ ዘመዱ በኩል የአንዲት አይሁዳዊት መበለት የቁልፍ ሱቅ «ተቆጣጣሪ» ሆኖ ይሾማል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ማለቴ ነው። አሮጊቷ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሊረዳቸው የመጣ ሠራተኛ ይመስላቸዋል። ሱቁም ባዶ ነው። የከተማው አይሁዶች፣ ሌላ ክፉ ሰው እንዳይመጣባቸው፣ ለቶኖ በድብቅ ደመወዝ ይከፍሉታል። እሱም የቤት ዕቃቸውን ይጠግንላቸዋል፤ ይግባባሉ፤ እኛም እንስቃለን። እዚህ ላይ ምን ተመኘን? ነገሩ እንዲሁ እንዲቀጥል። ቶኖ ለዘመዱም ለአሮጊቷም ደግ ሆኖ፣ ደመወዙንም እየበላ፣ ከማንም ሳይጣላ እንዲያልፍ። አይሁዶቹ አደባባይ ተሰብስበው የሚጋዙበት ቀን ሲመጣ ይህ ምኞት ይፈርሳል። ቶኖ ይጠጣል፣ ልደብቃቸው ወይስ ላስረክባቸው እያለ ይዋልላል፣ በድንጋጤ አሮጊቷን ገፍትሮ ቁም ሳጥን ያስገባቸዋል። ሲከፍተው ሞተዋል። እሱም ራሱን ይሰቅላል።

ፊልሙ ክፉ ሰው አላሳየንም። ያሳየን ደህና ሰው ነው። ጎረቤት ሲፈናቀል «እኔ ካልያዝኩት ሌላ ይይዘዋል» ብሎ ሱቅ የሚረከብ ሰው ደግሞ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሃይማኖት ሰው አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። «ፋያ ዳዪ» (2021) ከሜክሲካዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት ተወልዳ በሐረር ያደገችው የጄሲካ በሺር ዘጋቢ ፊልም ነው። ለ10 ዓመት ያህል የተቀረጸ፣ በጥቁርና ነጭ የቀረበ፣ ስለ ጫት የሚናገር ነው። ጫት ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከቂሊንጦ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንሄድ የሚሸጥባቸውን ሱቆች ሳናይ አናልፍም፤ በፈተና ሰሞን «ለጥናት ነው» የሚባለውንም እናውቃለን።

ፊልሙ ጢስ፣ ጭላንጭል ብርሃን፣ ቅጠል የሚለቅሙና የሚያስሩ እጆች፣ የዘላለም ሕይወት ውኃ ፍለጋ የሚተርክ የሐረር አፈ ታሪክ ነው። አይቸኩልም። እኔም መቸኮሌን ረሳሁ፤ ከዚያ ብርሃን መውጣት አልፈለግሁም። ምርቃናን በዓይን አቀመሰኝ ማለት ነው። በዚሁ መሐል መሐመድ የሚባል ልጅ አለ። አባቱ ይቅማሉ፤ ከእሳቸው ጋር መኖር ከብዶታል፤ ከአገር ስለ መውጣት ያስባል። እኔ ልቆይበት የተመኘሁት ቦታ እሱ ሊያመልጠው የሚመኘው ነው። የምርቃናው ደስታ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ዋጋው የሚጠየቀው ግን ከልጁ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ሐረርን የጫት ከተማ አድርጋ አሳየችን» ሲሉ ሰምቻለሁ። በከፊል እስማማለሁ፤ የውጭ ተመልካች ጢሱ ላይ ሊቆም ይችላል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝና ቁጥርም ፈልጌ ነበር፦ ቡና ይበቅልበት የነበረ የሐረርጌ ማሳ ለምን ወደ ጫት ዞረ? ገበሬው ስንት ያገኛል? ፊልሙ ይህን በቅጡ አይመልስም። «ጫትን ያስተዋውቃል» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ መሐመድን ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

ኢንሻአላህ ከፈተና በፊት አብረን ብናየው ደስ ይለኛል። በተለይ ለጥናት ብለው የሚቅሙ ወንድሞቻችን ቢገኙልን፤ ምን እንዳስመኛቸው ከራሳቸው አንደበት መስማት እፈልጋለሁ፣ ከእኔ የተለየ መልስም እጠብቃለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።