ለጠላቂ ወታደር የተሠራ ሰደርያ ለዓሣ አጥማጅ ይበጃልን?

ወላይታ ሲባል በብዙ ነጋዴ ሐሳብ የሚመጣው የዳሞታ ተራራ፣ እንሰት፣ ዝንጅብልና ቡና ነው እንጂ ውሃ አይደለም። ነገር ግን ዞኑ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአባያ ሐይቅ ጋር ይዋሰናል፤ የብላቴ ወንዝም ወደዚሁ ሐይቅ ይፈስሳል፤ በምዕራብ ደግሞ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በኦሞ ወንዝ ላይ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። ውሃ ባለበት ዓሣ የሚያጠምድና በጀልባ የሚሻገር ሰው አይታጣም። ስለዚህ የሶዶ ነጋዴ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አስመጥቶ ቢሸጥ ትርፍም ምስጋናም የሚያስገኝ ሥራ ነው። ጥያቄው የትኛውን ዓይነት ያምጣ የሚለው ነው።

በዓለም ገበያ ብዙ የሚወራለት «የወታደር» ወይም «ታክቲካል» የሚባለው ሰደርያ ነው። ይህ ዕቃ በመጀመሪያ ለማን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠላቂ ወታደር ሥራው ከውሃ በታች ነው፤ ሁልጊዜ የሚያንሳፍፍ ስፖንጅ ቢለብስ መጥለቅ አይችልም። ስለዚህ ሰደርያው ባዶ ከረጢት ሆኖ ደረቱ ላይ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ጠላቂው ሲደክም ወይም ሲቈስል ገመዱን ይስባል፤ ያን ጊዜ በትንሽ ጠርሙስ መሰል ብረት የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከረጢቱን ይነፋዋል። ከጠላት ዓይን እንዲሰወርም ቀለሙ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ይደረጋል።

እንግዲህ ይህን ከአባያ ዓሣ አጥማጅ ጋር እናመዛዝነው። እርሱ መጥለቅን አይሻም፤ ድንገት ከጀልባው ቢወድቅ ገመድ ፈልጎ ለመሳብ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። የአባያ ውሃ በደለል ምክንያት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ በዚያ ውሃ ላይ የጠቈረ ሰደርያ ለብሶ የሚንሳፈፍን ሰው የሚፈልገው ወገኑ በቀላሉ አያየውም። ለወታደሩ መሸሸጊያ የሆነው ቀለም ለአጥማጁ ጉዳት ይሆናል ማለት ነው።

የአሻሻጡንም ዘዴ ልብ ማለት ይገባል። ሠራዊት ዕቃ ሲገዛ መሥፈርቱን በጽሑፍ ያወጣል፤ ናሙናውን ይፈትናል፤ ያልበቃውን ይመልሳል። የአገራችን ባሕር ኃይል ከተበተነ በኋላ እንደ ገና የማቋቋሙ ሥራ በ2010 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ይሁን እንጂ ማንኛውም ሠራዊት የሚያሻውን በራሱ መሥፈርት ይገዛል እንጂ ከሱቅ መደርደሪያ አይለቅምም። ለሲቪል ገዢ የሚቀርበው ማስታወቂያ ግን ብዙ ጊዜ መሥፈርቱን ትቶ ስሙን ብቻ ያስቀራል። በአንድ ስም ሦስት ዓይነት ዕቃ ይሸጣል፤ አንደኛው ለሠራዊት ተመዝኖ የተሠራ፣ ሁለተኛው ሠራዊት አገልግሎበት ወይም ተርፎት ያወጣው፣ ሦስተኛው በመልክ ብቻ የሚመስል ነው። ሦስቱን የሚለየው ፎቶግራፍ ሳይሆን ቍጥር ነው።

ቍጥሩም ኒውተን ይባላል። 10 ኒውተን ማለት ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደትን የማንሣት ኃይል ነው። የአንድ ጐልማሳ ሰው አካል አብዛኛውን በውሃው ስለሚደገፍ፣ ራሱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኃይል ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 12402 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሰደርያዎችን በአራት ይከፍላቸዋል፤ 50 ኒውተን ዋና ለሚያውቅና ርዳታ ለቀረበለት፣ 100 ኒውተን ለተከለለና ጸጥ ላለ ውሃ፣ 150 ኒውተን ለሰፊ ባሕር፣ 275 ኒውተን ከባድ ልብስና መሣሪያ ለሚሸከም ሰው ነው።

የሚነፋ ሰደርያ ትምህርት የሚጠይቅ መሆኑን አገራችን በመራራ ሁኔታ አይታዋለች። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የበረራ ቍጥሩ 961 የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በጠላፊዎች ተይዞ ነዳጁ በማለቁ ከኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከሞቱት መካከል ገና ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ ሰደርያቸውን የነፉ ነበሩ፤ ውሃው ሲገባ ሰደርያው ወደ ላይ እያነሣ መውጫውን ከለከላቸው። ዕቃው ደኅና ነበር፤ የአጠቃቀሙ ጊዜ ግን ተሳሳተ።

ስለዚህ አስመጪው ፕሮፎርማ ሲጠይቅ የሚከተሉትን አስቀድሞ ይጻፍ።

1ኛ/ የኒውተኑ መጠንና የደረጃው ቍጥር በሰደርያው ላይ መታተሙን፣ የፈተናውም የምስክር ወረቀት መኖሩን ይጠይቅ።

2ኛ/ ለዓሣ አጥማጅና ለመንገደኛ በስፖንጅ የተሞላ፣ ቀለሙ ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ፣ ፉጨትና ብርሃን የሚመልስ ጥብጣብ ያለው ይምረጥ።

3ኛ/ የሚነፋውን ካዘዘ መለዋወጫ ጋዝ አብሮ ይዘዝ፤ አንድ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላልና። የታመቀ ጋዝ በአየር ሲጫን እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቈጠር የማጓጓዣውን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠይቅ።

4ኛ/ ናሙናውን ራሱ ይሞክር። በ100 ኒውተን የስፖንጅ ሰደርያ ላይ 10 ኪሎ ግራም ብረት አስሮ በውሃ በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ ቢያሳድረው መስጠም የለበትም። ይህ ሙከራ የምስክር ወረቀቱን አይተካም፤ ነገር ግን ውሃ የሚመጥ መናኛ ስፖንጅን ያጋልጣል።

ባለሱቁም በበኩሉ ሰደርያውን ለገዢው አልብሶ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ፣ አጠቃቀሙን በሚገባው ቋንቋ ሳያስረዳ ገንዘብ አይቀበል። ጥራቱ የጎደለ ጨርቅ የገዛ ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ ይወቅሳል፤ የማያንሳፍፍ ሰደርያ የገዛ ግን ለመውቀስ እንኳ አይመለስም።